ግንባር ላይ የተጻፈ

በኅዳር 2015 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥራ ባቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ተቀምጬ የአንድ አዛውንት ግንባር ላይ መብራት እለጥፍ ነበር። መብራቱ የባጃጅ ልጆች ተሽከርካሪያቸውን የሚያሸበርቁበት ተጣባቂ ገመድ ነው። ሙጫው ቆዳቸውን እንዳይልጥብኝ ከሥሩ ፕላስተር አነጠፍኩ። ሽቦውን ከጆሯቸው ጀርባ አሳልፌ፣ በበርኖሳቸው ውስጥ ቁልቁል አውርጄ፣ ኪሳቸው ውስጥ ካስቀመጥኩት ፓወር ባንክ ጋር አገናኘሁት። ውርጭ ነበር። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ በሦስተኛው በራ። አረንጓዴው ብርሃን ነጭ ቅንድባቸው ላይ ፈሰሰ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የጻፍሽብኝ?» አሉኝ።

«ቁጥር ነው አባባ። በፊልሙ ውስጥ የሁሉም ሰው ግንባር ላይ ቁጥር አለ።»

ትንሽ ዝም አሉ። እጃቸውን አንሥተው ግንባራቸውን ሊዳስሱ ፈለጉና፣ ሽቦው እንዳይነቀል ብለው መሰለኝ፣ መልሰው አወረዱት። ከዚያ «በዚህ አገር ድሮ ቃል ነበር የሚጻፈው» አሉ።

ካሜራ የያዘው ጓደኛዬ ፀሐይ እየወጣብን ነው ብሎ ጮኸ። ተነሣን፤ ቀረጻው ቀጠለ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ሆነችብኝ። ቆሜ ላወጣት ጊዜ አልነበረኝም፤ በተራመድኩ ቁጥር ግን ትሰማኛለች።

ጆሮ የተባለው ማሽን

ሳይበርፐንክ የሚባለውን የፊልም ዓይነት የምትወዱ ዓለሙን ታውቁታላችሁ። ቴክኖሎጂው ሰማይ ጠቅሶ የሰው ኑሮ መሬት የወደቀበት፣ ዝናቡ የማያባራ፣ ግድግዳው ሁሉ በሚያብለጨልጭ ማስታወቂያ የተሸፈነ ከተማ ነው። እኔ ይህን ዓለም ለዓመታት ስመለከት አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ለምን ሁልጊዜ የሌላ አገር ከተማ ይሆናል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ጉም ከመንገድ መብራት ሥር የሚያድርባት ከተማ ናት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው፣ በስልካቸው መብራት መንገዱን እያዩ፣ ከፋብሪካ በር ሲወጡ ያየ ሰው ሌላ የወደፊት ዓለም መፈለግ አያስፈልገውም።

ጽሑፉን የጀመርኩት በ2014 ክረምት ነው። አምስት ነበርን። ገንዘብ የሚሰጠን ድርጅት አልነበረም፤ አልጠየቅንምም። በውሰት ያገኘነው አንድ ካሜራ፣ ሁለት ስልክ፣ የባጃጅ መብራት፣ ከመንዝ የመጡ ሦስት በርኖሶች ነበሩን። ስለ በርኖሱ ብዙ አስቤበታለሁ። በውጭዎቹ ፊልሞች ጀግናው ረጅም ጥቁር የቆዳ ካፖርት ይለብሳል። የእኛ አያቶች ጥቁር በግ ሸልተው፣ ፈትለው፣ ሸምነው የሚለብሱት በርኖስ ከትከሻው ላይ ሾል ብሎ ሲወጣ ያለው ግርማ ከየትኛውም ካፖርት ይበልጣል።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ከተማዋን የሚያስተዳድራት «ጆሮ» የተባለ ማሽን ነው። በየቤቱ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየገበያው ያዳምጣል። ሰው በተናገረው ቃል ልክ ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር ይወጣል፣ ይወርዳል። ዜሮ የደረሰ ሰው ዳቦ አይሸጥለትም፣ አውቶቡስ አያሳፍረውም፣ ጎረቤት አያነጋግረውም። ሃይማኖት ክልክል ነው፤ የእግዚአብሔርን ስም መጥራት ብቻ ቁጥርን ያወርዳል። ጀግናው በምድር ቤት ተደብቆ የሚያስተምር የቅኔ መምህር ነው። ማሽኑ ሰሙን ይሰማል እንጂ ወርቁን አያገኘውም። በመጨረሻ ከተማው በሙሉ አንድ ቅኔ ይቀኝና ማሽኑ ትርጉሙን ሲፈልግ ተቃጥሎ ይቀራል።

ያንን ታሪክ እወደው ነበር። ፍርሃቱም ከአየር አልመጣም። እናቴ ያደገችው በደርግ ዘመን ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው፣ ታስረው፣ በ1971 ዓ.ም. በተገደሉበት ዘመን። ያን ዘመን የኖረ ሰው ቤት ያደገ ልጅ ሃይማኖትንና ሥልጣንን ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው፣ አማኙ ከታች፣ የማያምነው ከላይ ሆኖ ነው። እኔም የጻፍኩት ያንኑ ነው። አማኝ ይናገራል፤ የማያምን አፉን ይዘጋዋል።

ጦስኝ ሻይ

የዚያን ዕለት ቀረጻ ሲያበቃ ጓደኞቼ ዕቃ ሲሸክፉ እኔ አዛውንቱን ይዤ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገባሁ። ጦስኝ ሻይ ቀረበልን። አባባ በወጣትነታቸው መንዝ ውስጥ ቅኔ ቤት የገቡ፣ ከዚያ ትምህርቱን ትተው የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ ሰው ናቸው። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ሰው ሲያናግራቸው ግራውን ጆሮ ለማስጠጋት አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ይህም ነገሩን ሁሉ በጥሞና የሚመዝኑ ያስመስላቸዋል። ኋላ እንዳየሁት በእርግጥም ይመዝናሉ።

ፕላስተሩ ግንባራቸው ላይ ቀይ መስመር ትቶ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው «እስኪ ታሪኩን ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው። በኩራት ነበር የነገርኳቸው፤ የቅኔ ሰው ስለሆኑ በቅኔው ይደሰታሉ ብዬ ነበር።

«ጸሐፊው ማን ነው?» አሉኝ።

«የፊልሙ? እኔ ነኝ።»

«አይደለም። ግንባር ላይ የሚጽፈው።»

«መንግሥት ነው አባባ። እግዚአብሔርን የማያውቅ መንግሥት።»

«እዚህ ከተማ የጻፈው ግን እግዚአብሔርን የሚያውቅ ነበር» አሉ። «ያውም ከእኔና ከአንቺ አብልጦ።»

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልገባኝም። ማብራራት ይቀጥላሉ ብዬ ስጠብቅ ሻያቸውን ፉት አሉና ሌላ ጥያቄ ጨመሩ።

«ማሽኑ ቅኔውን ቢፈታውስ?»

«አይፈታውም። ፊልሙ የቆመው በዚያ ላይ ነው።»

«ቢፈታውስ ነው የምልሽ። ሰውየው ያን ጊዜ ምን ይላል?»

መልስ አልነበረኝም። ሻይ ቤቷ ውስጥ የውኃው ማፍያ ክዳን ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ለስድስት ወር ያህል ያንን ጽሑፍ ስጽፍና ስሰርዝ ከርሜ፣ መደበቂያው ቢታወቅ ሰውየው ምን እንደሚናገር አንድም ቀን አላሰብኩም። ማምለጫውን እንጂ የሚያመልጥበትን ምክንያት አልጻፍኩትም። ጀግናዬ ምን እንደሚያምን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፤ በሚያምር አነጋገር እንደሚደብቀው ብቻ ነበር የማውቀው።

«እነዚያኞቹ ቅኔ አልተቀኙም» አሉ አባባ፣ በርኖሳቸውን እየሰበሰቡ። «ፊት ለፊት ነው የተናገሩት።»

ከብርሃኑ በፊት

የከተማችንን ስም ታሪክ ደብረ ብርሃን ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሡ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ። እኔ የተማርኩት ታሪክ ከብርሃኑ ይጀምራል። ከብርሃኑ በፊት ምን እንደሆነ ያነበብኩት አባባ ከጠየቁኝ በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው።

የንጉሡ ዜና መዋዕል አይደብቀውም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በንጉሡ ፊት ቀረቡ። ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም ያሉ፣ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለውም የተከሰሱ ሰዎች ናቸው። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፤ በየካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከሠላሳ ስምንት ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 10 የመስቀል በዓል ዕለት፣ ብርሃኑ ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን የተቀበሉት ለፍርዳቸው ከሰማይ እንደ መጣ ምስክር ነው።

ምላስ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ስለ ንግግር ነፃነት ፊልም እየሠራሁ ነበር። የምሠራውም ሰዎች በተናገሩት ቃል ምክንያት ምላሳቸው በተቆረጠበት መሬት ላይ ቆሜ ነበር። ያንን ሳላውቅ ከባጃጅ መብራት ማሽን እፈጥር ነበር።

ከዚያ ግንባሩ መጣ። ዘርዓ ያዕቆብ ሕዝበ ክርስቲያኑ ግንባሩ ላይ «የአብ፣ የወልድ፣ የመንፈስ ቅዱስ» ብሎ እንዲጽፍ አዘዙ። በቀኝ እጁ ላይ ዲያብሎስን በአምላኩ በክርስቶስ መካዱን፣ በግራው ደግሞ ርጉም ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን ይጻፍ ተባለ። ትእዛዙን ያልፈጸመ ቅጣት ነበረበት። ሐሰተኛ ከሳሾችም በዙ። እገሌ ለደስክ ሰግዷል የሚል ቃል ብቻ ሰውን ያጠፋው ነበር፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ከዚያ ቅጣት አላመለጡም። እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ይመጣል ብዬ የፈጠርኩት ግንባር ከአምስት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ እዚሁ አልፏል። አባባ «ድሮ ቃል ነበር» ሲሉ የነገሩኝ ይህንን ነው።

ዘርዓ ያዕቆብን እንደ ፊልም ጨካኝ ንጉሥ ብስላቸው ዋሽቻለሁ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኒህ ሰው የሃይማኖት መጻሕፍት ደራሲ ናቸው። ሕዝባቸው ጠንቋይ ቤት እንዳይሄድ፣ በየሰንበቱ ትምህርት እንዲሰማ ደክመዋል። እዚሁ ሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ በሚገኘው ደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ፣ ቅዳሜን እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰደዱ የኖሩትን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ተቀብለዋል። ትናንት ያስወገዘ ቃል በእሳቸው ዘመን ሥርዓት ሆነ። ስለዚህ እኒህ ሰው መስማት የማይችሉ ንጉሥ አልነበሩም። አንዱን ሰሙ፤ ሌላውን ምላሱን ቆረጡ። ሁለቱንም ያደረጉት ብርሃንን እጠብቃለሁ ብለው ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። የማያምን ማሽንን መጥላት ቀላል ነው። ከእኔ ጋር አንድ ጸሎት የሚጸልይ፣ አንድ መስቀል የሚሳለም፣ ስለ እኔ ነፍስ አስቦ አፌን የሚዘጋ ሰው ቢመጣብኝስ?

የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው ለእኛ ለተራ አንባቢዎች ያደረሱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የሸንኮራ ሰው ናቸው፤ ያው የእኛው አካባቢ። ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013 ዓ.ም.፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በአሜሪካ ሚኒሶታ የብራና መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖሩ። እግዚአብሔርን የማያውቅ ሥልጣን እግራቸውን የወሰደባቸው ሰው፣ እግዚአብሔርን የሚያውቅ ሥልጣን ምላሳቸውን የቆረጠባቸውን ሰዎች ድምፅ መለሱልን። አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸውን እየወደዱ ያንን ገጽ ገለጡት። ይህን ሳስብ የእኔ ፍርሃት ያሳፍረኛል።

ከአፌ የመለስኩት

ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። ማሽኑ አልተወገደም፤ ጆሮ አሁንም ያዳምጣል። ያሠሩት ግን አማኞች ሆኑ። ከተማዋ በጾም ትጾማለች፣ በበዓል ታጌጣለች፤ ግንባር ላይ ቁጥሩ ቀርቶ ቃል ይጻፋል። ሰው በጸሎቱ ልክ ይመዘናል፤ ማሽኑም ቅኔን ይፈታል። የቅኔ ሊቃውንት ናቸው ያስተማሩት። ርእሱንም ቀየርን፤ «ግንባር» አልነው። ግንባር ቆዳ ነው፤ ግንባር የጦር ሜዳ ነው፤ ሰው ዕጣ ፈንታውን ሲያስብም «ግንባሬ ላይ የተጻፈ» ይላል።

ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ቤቱ ፀጥ አለ። አንዷ «ቤተ ክርስቲያንን ልንሰድብ ነው እንዴ?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ጭንቀት ነበር። ካሜራ የሚይዘው ጓደኛዬ የይፋት ልጅ ነው፤ ሙስሊም ነው። እስከዚያ ቀን ስለ ታሪኩ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። «የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስታነቢልኝ እኔ የት አለሁ ብዬ ነበር» አለ። «የቅኔ መምህሩ ከማሽኑ ያመልጣል፤ ደግ ነው። ካመለጠና ካሸነፈ በኋላ ከተማው የማን ይሆናል?»

በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ የሆነውን አስታወስኩ። በዚያ ጉባኤ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። የእኔ ቅድመ አያቶችና የሱ ጎረቤቶች በአንድ ሰሞን፣ በአንድ መንበር ፊት፣ የምታምኑት ስሕተት ነው ተባሉ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ይህን ጉዳይ አንሥተን አናውቅም። ለምን እንደማናነሣው ሁለታችንም እናውቃለን። ሆድ ይፍጀው ተብለን አድገናል።

እናቴም ያንኑ ነው ያለችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ በምን ዐይን ነው የሚያዩሽ?» አለችኝ። ክፉ አልተናገረችም፤ ስለምትወደኝ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል እኮ በጠላት አልተነገረንም። አባትና እናት ናቸው ለልጃቸው የነገሩት፤ በሕይወት እንድትቆይ።

ሕጉንም አየሁት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። በሁለቱ መካከል ያለው አንቀጽ 28 ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? በስብዕና ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ነው። አርቃቂዎቹ አስበውበት ያስቀመጡት አይመስለኝም፤ እኔ ግን ካየሁት በኋላ ቅደም ተከተሉ ከዐይኔ አልጠፋም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አንብቤዋለሁ፤ የወጣበትን ምክንያት አላቃልልም። በዚህ አገር ቃል ቤት አቃጥሏል፤ ቃል ሰው ገድሏል። ነገር ግን «ቤቱን አቃጥሉት» ያለ ሰውና «እኔ አልሰግድም» ያለ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሌላው ሰው ላይ እጅ እንዲነሣ ያዝዛል። ሁለተኛው ስለ ገዛ ጉልበቱ ነው የተናገረው። ይህን ልዩነት ማየት የተሳነው ሕግም፣ ጉባኤም፣ ማሽንም ሁሉ መጨረሻው ምላስ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ግን «አልሰግድም» የሚለውን ቃል ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ማታ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ስትል አያታለሁ። ቃሉ ስድስት ፊደል ነው። አጠፋዋለሁ፤ በምትኩ ሁለት ትርጉም ያለው፣ ቢጠይቁኝ የምሸሽበት፣ ያማረ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። እሱንም አጠፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም ጽሑፉን አላየም። ከቤቱ ውስጥ የሚያዳምጠው ጆሮ የእኔው ነበር። ሰምና ወርቅ የሊቃውንት ጥበብ ነው፤ እኮራበታለሁ። የፍርሃትም ልጅ እንደሆነ ግን የገባኝ ያን ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ጻፍኩትና ኮምፒውተሩን ሳላነብበው ዘጋሁት።

ፊልሙን አቀናብረን የጨረስነው በ2015 ክረምት ነው። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስለ ሚያዳምጥ ማሽን የሠራነውን ፊልም ለማንም መላክ የማንችል ሆንን። በምናቤ የሳልኩት የወደፊት ዓለም ሰው የሚናገረውን ሁሉ የሚሰማ ነበር፤ የደረሰብን ግን ጨርሶ የማያገናኝ ዝምታ ሆነ። ጓደኛዬ ፊልሙን በፍላሽ ይዞ፣ ካልሲው ውስጥ ጨምሮ፣ 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። አሥራ አንድ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አዩት። እስካሁን ከዚያ ብዙም አልዘለለም፤ አንድ ቀን ይዘልላል ብዬ አምናለሁ።

ጣርማበር

የመጨረሻውን ትዕይንት የቀረጽነው በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ፣ ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ነው። ዋሻው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው የሠሩት ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በደብረ ሲና በኩል ባለው አፉ ሲወጡ ከእግር ሥር ገደል ነው፤ ጉሙ ከዚያ ከቆላው እየተግተለተለ ይወጣል። የጭነት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ከጨለማው ሲወጡ መጀመሪያ ብርሃኑ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ በመጨረሻ መኪናው ይታያል። ምንም መሥራት አላስፈለገንም። ካሜራውን ማቆም ብቻ ነበር።

ትዕይንቱ አጭር ነው። አባባ በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ግንባራቸው ላይ ቃሉ እያበራ፣ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ጠባቂው ሊይዛቸው ከዋሻው ውስጥ ይመጣል። ጠባቂ ሆኖ የሚጫወተው የካሜራ ሰዋችን ታናሽ ወንድም፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ስገዱ ይላቸዋል። «አልሰግድም» ይላሉ። እሱ ግን አይቆምም፤ ይመጣል፤ ክንዳቸውን ይይዛል፤ ፊልሙ ያልቃል። በጽሑፉ ላይ ያለው ይህ ነው። እንዳይቆም ደግሜ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «ምንም ቢሉ ርምጃህን አትቀንስ፤ አንተ ማሽኑ ነህ» አልኩት።

አንድ ትልቅ መኪና ከኋላው እያበራ ሲመጣ ምልክት ሰጠሁ። ልጁ ከብርሃኑ ውስጥ ወጣ። ጥሩ አድርጎ ይራመድ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ስገድ!» አለ፤ «ስገዱ» እንዲል ነበር የነገርኩት፤ አንተ ማለቱ አስደነገጠኝ። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ግራ ጆሯቸውን ሰጡት። ሰምተዋል። እኔ የመጻፊያዬን ሌሊት እያሰብኩ ያቺን ስድስት ፊደል ጠበቅሁ።

«አልሰግድም» አሉ። ድምፃቸው ከመኪናው ጉርምርምታ በላይ አልነበረም። ልጁ መጣ። ሁለት ርምጃ ሲቀረው አባባ፣ በጽሑፉ ላይ የሌለ፣ እኔም ያልነገርኳቸው፣ ቀኝ እጃቸውን ከበርኖሱ ውስጥ አወጡና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በሕግ አምላክ!»

ልጁ ቆመ።

መኪናው አለፈ፤ ነፋሱ በርኖሱን አርገበገበው። ልጁ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ አንዱን እንዳዘገየ፣ እንደቆመ ነው። አባባም እጃቸውን አላወረዱም። ካሜራው ይሠራል። ማናችንም አልተናገርንም።

በመጨረሻ «ለምን ቆምክ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ፣ እግሩን እያየ። «አያቴ እንደዚያ ሲሉ ማን ይራመዳል?»

ጓደኛዬ ከካሜራው ጀርባ ቀና ብሎ የአባባን ግንባር አመለከተኝ። በዚያ ብርድ ባትሪው አልቆ መብራቱ ጠፍቷል፤ መቼ እንደ ጠፋ አላየንም። «እንድገመው?» አለኝ።

አልደገምነውም።